በሙቅ ውሃ የታጠበው የቅቤ ዕቃ

ሱመያ፣
ባሱ ሳያመልጠኝ ልጻፍልሽ። ፍሪጃችን ውስጥ የነበረው የአይስክሬም ዕቃ እኮ እማዬ አንጥራ የላከችልኝ ቅቤ ነበር የያዘው። አንቺ "የቆየ ዘይት መስሎኝ" ብለሽ ደፋሽው፤ ዕቃውንም በሙቅ ውሃ አጥበሽ ለዳግም ጥቅም የሚለየው ቆሻሻ መጣያ፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ከተትሽው።

ዛሬ ጠዋት በመስኮት ሳይ፣ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የሪሳይክሉንም የተራውንም ቆሻሻ ቢን አንድ መኪና ውስጥ ገለበጡት! መኪናው ውስጡ ለሁለት የተከፈለ ነው ትይኝ ይሆናል። እኔ ያየሁት አንድ አፍ ብቻ ነው። ቆሻሻ የሚያስነሳው የከተማው ካውንስል ጋ ብደውል ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆዩና ተቋረጠ። ቅቤዬ ለዚህ ነው የሄደው?

ትናንት ስለጮህኩብሽ...
ተይው፣ ስመጣ እናወራለን።

እማዬ አንቺ ጋ ከደወለች "በልተን ጨረስነው፣ ይጣፍጥ ነበር" በያት።

ምድጃው ላይ ምስር ወጥ አለልሽ።
በዘይት ነው የሠራሁት።

ባርኮት