የባንቴ ኦርጋንና የጨው ፋኖስ ሰዎች

የካቲት 9

የጓሮውን ድንች ኮተኮትሁ። ከሰዓት ያለጊዜው ዘነበ። ሮጬ ስገባ የልጄ የባንድ ጓደኛ ሱሀይል በሩ ላይ ቆሟል። ልጄ ባንቴ ከሞተ ሦስት ወሩ፣ ይሄ ልጅ ዛሬ ገና ብቅ አለ። ዳንግላ ሰርግ እናጫውት ብሎ የወሰደው እሱ ነው። ሚኒባሱ ሲገለበጥ የእሱ ክንድ ተሰበረ። የእኔ ልጅ ቀረ።

"እትዬ፣ ባንዱ ሊሞት ነው" አለኝ።

ሊሞት! ይህን ቃል ለእኔ?

"የባንቴን ኦርጋን ቢሰጡን... ምትክ አግኝተናል። ናርዶስ የምትባል ልጅ።"

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት።

የካቲት 10

ምትክ። እንደ ባጃጅ ጎማ።

የካቲት 14

የባንቴን ደብተር አወጣሁ። ከዳር እስከ ዳር ስለ አንድ የእንግሊዝ ባንድ ነው የጻፈበት። ስማቸው ሳልት ላንተርን። የጨው ፋኖስ ማለት ነው ብሎ ነግሮኝ ነበር። "ጨው ይበራል እንዴ?" ብዬ ስቄበታለሁ... እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት፣ ማንበቤም ቀስ እያልሁ ነው።

በ1970 አራት ጓደኛሞች በአንድ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ጀመሩ ይላል። በእነሱ አቆጣጠር ይሁን በእኛ፣ አልጻፈም። አንዱ ዘፈናቸው ሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። አዝማች የለውም። ባንቴ እሱን ሲለማመድ ጎረቤቴ ደብሪቱ "ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ?" ትል ነበር።

የካቲት 15

መጀመሪያ ሰሚ አጡ። ቆይቶ ስታዲየም ሞሉ። ከዚያ ኦርጋን ተጫዋቹ በሳንባ በሽታ ሞተ። "በሦስተኛው ወር ሌላ ሰው ቀጠሩ" ይላል።

በሦስተኛው ወር! እነዚህ ሰዎች ሀዘን አያውቁም? እናቱስ ምን አለች? ስለ እናቱ አንድ መስመር የለም። ልጄ ሆይ፣ እናቱን እንዴት ረሳሃት?

ደብተሩን ወረወርሁት። ቆይቼ አነሳሁት።

የካቲት 19

ጨረስሁት። ዘመኑ ተለወጠባቸው፣ ረጅም ዘፈን የሚሰማ ጠፋ፣ ተጮኸባቸው። ዘፋኙ ተጣልቶ ወጣ። በአንድ ስም ሁለት ባንድ ሆነው ፍርድ ቤት ቆሙ። አሥራ አምስት ሰው ገብቶ ወጥቷል። ከመጀመሪያዎቹ ያለው ከበሮ መቺው ብቻ ነው፣ እሱም ሽማግሌ።

በሟቹ ቦታ ስለገባው ሰውዬ ባንቴ በቀይ አስምሮበታል። "የሞተውን ለመምሰል አልሞከረም። ሕዝቡ ሁለት ዓመት ሰደበው። ጎበዝ።"

ጎበዝ ይላል ልጄ! አሁን ማንን ልቆጣ?

የካቲት 24

እህቴ ይታይሽ ከግምጃ ቤት ከተማ መጣች። ሁሉንም ነገርኋት። "ምትክ አገኘን አሉኝ፣ ትሰሚያለሽ?" አልኋት። ሳቀች!

"የአንቺ ስም ማን ነው?"

"ተይኝ።"

"ማን ነው?"

ምትኬ ነው። ከእኔ በፊት ሸጋ የምትባል ልጅ ሞታባቸው፣ እኔ ስወለድ ምትኬ አሉኝ። እንጨት ለቅሜ ስመጣ እናቴ "ሸጋ ብትኖር ሁለት ሸክም ታመጣ ነበር" ትለኝ ነበር። በሁለት ዓመቷ የሞተች ልጅ! እንጨት ለቅማ የማታውቅ!

አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬም ያንገበግበኛል።

የካቲት 26

ሱሀይልን አስጠራሁት።

"ኦርጋኑ ከቤቴ አይወጣም። ልጅቱ እዚህ መጥታ ትለማመድ።"

"እትዬ፣ ሀዘን ቤት እኮ ነው። ሰው ምን ይላል?"

"ልጄን ዳንግላ የወሰደው ሰው አይደለም፣ አንተ ነህ" አልሁት።

አንገቱን ደፋ። ከረር አድርጌ ተናገርሁት። አልጸጸተኝም።

መጋቢት 2

ናርዶስ መጣች። ቀጭን ናት፣ ጥፍሯን ትበላለች። ኦርጋኑን የሸፈንሁበትን ነጠላ ራሴ አነሳሁላት። ያንን የሃያ ሦስት ደቂቃ ዘፈን ጀመረች። ባንቴ ቀስ የሚልበት ቦታ አለ፣ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። እሷ ሮጠችበት።

"እሱ እንዲህ አይደለም የሚጫወተው!" ብዬ ጮህሁ።

"አውቃለሁ፣ እትዬ። እኔ ግን እንዲህ ነኝ።"

ደፋር!

ደብሪቱ በአጥር በኩል "በዐቢይ ጾም! ዓመት እንኳ ሳይሞላ!" አለች።

"ዝም በይ፣ ልጅቱ ሥራ ላይ ናት!" አልኋት።

ይሄ ደግሞ ከየት ወጣኝ?

ሚያዝያ 18

ኦርጋኑን በባጃጅ ጭኜ ባንዱ ወደሚያቀርብበት እንጅባራ አዳራሽ ራሴ ወሰድሁት። ጥቁሬን እንደለበስሁ ከፊት ተቀመጥሁ። ሰው ይንሾካሾክ ነበር... ይንሾካሾክ።

ሱሀይል ማይኩን ያዘ። "ዛሬ በወንድማችን በባንቴ ምትክ..."

ተነሳሁ። እግሬ ነው የተነሳው፣ እኔ አላሰብሁትም።

"ምትክ አትበላት! ስም አላት፣ በስሟ ጥራት!"

ሱሀይል ማይኩን ወደ አፉ መለሰ።

"ናርዶስ" አለ።

ሃያ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ተጫወቱ። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ እንደገና ሮጠችበት። አልወደድሁትም። አጨበጨብሁ።