ባሌን «ጎረቤቴ» ያልኩበት ቀን

ጌትዬ፣ ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በሙት ዓመትህም መቃብርህ ላይም የልቤን ስነግርህ ኖሬያለሁ፤ ይሄኛውን ግን አፍሬ ነው በወረቀት የምነግርህ።

እኛ ደህና ነን። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተናል፤ ፒያሳ የምመጣው ለሥራ ብቻ ነው። ናሆም ሚስት ሊያገባ ነው። ቤዛ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን። እኔም ያው ቸርችል ጎዳና ያለው ሆቴል ነኝ፤ አሁን የሠራተኛ ቅጥሩን የምመራው እኔ ነኝ። ብትኖር ትርሲት ደግሞ አለቃ ሆነች ብለህ ትስቅብኝ ነበር። አትሳቅ፣ መጀመሪያ ስማኝ።

በቀደም አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ለኬክ ጋጋሪነት ሊቀጠር መጣ። ፈተንነው፤ እጁ ወርቅ ነው። ከፖሊስ «ከወንጀል ነጻ» የሚለውን ወረቀት አምጣ ስለው አቀረቀረ። አሻራ ቢሰጥ ነጻ እንደማይባል፣ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ከሚሠራበት ጋራዥ ዕቃ ሰርቆ እንደታሰረ፣ ከዚያ ወዲህ ግን የሰው ነገር እርሙ እንደሆነ ራሱ ነገረኝ። እኔስ ምን አልኩት? እንደውልልሃለን። ፋይሉን ከማይቀጠሩት ጋር ወረወርኩት።

እኔ ማለት እኮ ያንተ ሚስት ነኝ! ከሱቅ ጨርቅ ወስደህ ዓመት ታስረህ ስትወጣ፣ አራዳን ቢሮ ለቢሮ ስትዞር፣ አሻራ አምጣ እየተባልክ ስትመለስ ያየሁት እኔ ነኝ። የሰው ፊት ገረፈኝ ብለህ ጫማህን ሳታወልቅ የተኛህበትን ቀን አልረሳውም። ልብስ ሰፊው ጋሽ ሽኩር ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ምንም ወረቀት ሳይጠይቁ የስፌት መኪና ሰጡህ፣ ውለው አድረው የሱቁን ቁልፍ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መርፌ አልጎደለባቸውም። እኔ ግን ያኔ ስትታሰርም ለሰፈሩ ሰው «ለሥራ ጅማ ሄዷል» ነበር ያልኩት። ልጆቻችንም እስከ ዛሬ የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ሕሊናዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ፋይሉን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ልጅ እግር ነው፣ ግን ሰው ይሰማል። አንድ ሰርቆ የታሰረ ሰው የሱቅ ቁልፍ እስኪታመን ድረስ እንዴት እንደኖረ አጫወትኩት። ልቡ ተነካ። ማን ነው ይሄ ሰው ብሎ ጠየቀኝ። ባሌ ልል አፌን ከፍቼ «ጎረቤታችን ነበር» አልኩ። ነበር ስል ገባውና «ነፍስ ይማር» አለ። አሜን አልኩ፣ እንደ ባዳ! ምነው ያኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ሰውየው ተቀጠረ። አሁን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ደግ ሴት ይለኛል። ወይ ደግነት!

ትናንት ይኸው ሰው ቢሮዬ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ታሪክህን ነግሮታል። በዚያ ሰው ምክንያት እንጀራ አገኘሁ፣ ሥላሴ ሄጄ ነፍሱን አሳስብለታለሁ፣ የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ አለኝ። እኔም ሳላስብ «ወልደ ገብርኤል» አልኩት። የጎረቤቱን ክርስትና ስም እንዲህ አፉ ላይ የሚይዝ ማን አለ? ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል። አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ እጅ ነስቶ ወጣ።

ሌባ ነበር ያልነው ሰው ገመናዬን ሸፈነልኝ፣ ጌትዬ። እኔ ግን ሃያ አምስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ስምህን ደበቅኩ። ይቅር በለኝ።

ከእንግዲህ ሳስታውስህ ግማሽህን ቆርጬ አልጥልም። ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ ባሌ ነበር እለዋለሁ። ከሱ በፊት ግን ልጆችህ ይስሙ። ናሆምም ቤዛም እሑድ ምሳ ላይ ይመጣሉ፤ አባታችሁ ታስሮ ነበር ብዬ እጀምራለሁ።

ሚስትህ ትርሲት