በእልልታዬ ስር ያለው ድምፅህ

መሪጌታዬ፣ የኔ ዓለም፣

እንዴት ነህ ልልህ ብዕር ያዝኩና፣ እናንተ ዘንድ እንዴት ነህ ይባል እንደሁ ሳላውቅ እጄ ቆመ። ሰው ፊት አንቱ ስልህ ኖሬያለሁ፤ በዚህ ወረቀት ግን ለብቻችን እንደለመድነው አንተ ልበልህ፣ አንባቢ ይታዘበኝ።

ከተለየኸን ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል። የጓሮው ድንች ዘንድሮ ደኅና ያዘ፣ ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች። ተማሪዎችህም ከጎጇቸው አልተነሡም፤ ከጋፋት ወዲያ ካለው ደብር ሌላ የኔታ እየመጡ ያስተምሯቸዋል።

አንድ ነገር ግን ለሰው ማውራቱ አሳፍሮኝ ከርሟል። ድምፅህ እየጠፋብኝ ነው። መልክህ አልጠፋም፣ ፎቶህ ግድግዳው ላይ አለ። ከረጅሙ ዜማ በፊት ትንፋሽህን የምትሰበስባት ነገር ግን፣ እሷ እየራቀችኝ ሄደች። አንተ ደግሞ መቀዳት አትወድም ነበር። ዜማ የሚሄደው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው እያልክ ስንቱን ባለ ስልክ መለስከው።

እንግዲህ ልናዘዝልህ። አንድ ጊዜ በኅዳር ጽዮን ሰርቄ ቀድቼህ ነበር። ስልኩን ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ ሴቶቹ መሐል ቆምኩ። አንተ ዜማውን ስታነሣው ግን አላስቻለኝም፣ እልልታዬን አቀለጥኩት። ካረፍክ በኋላ ከፍቼ ብሰማው ከዳር እስከ ዳር የኔው እልልታ ነው። እልል ብዬ እልል ብዬ ባሌን ዋጥኩት።

ልጃችን ትርንጎ ለሙት ዓመትህ ከባሕር ዳር ስትመጣ ይኼን ብነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ፣ እማዬ፣ እኛንም የሚያስቸግረን ይኸው ነው፣ ልንይዘው ስንነካው ይጠፋብናል አለችኝ። ፊዚክስ ስትገባ ምን ያደርግልሻል ብለህ ያኮረፍክባት አይደለች፤ አሁን ኳንተም ኮምፒውተር የሚሉትን ነው የምትማረው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት የገባኝን ያህል ልንገርህ፤ የቀረውን እዚያ ያሉት ሊቃውንት ይንገሩህ።

የስልኬ ሆድ ውስጥ ያለው ቁጥር ወይ ዜሮ ነው ወይ አንድ ነው፣ ቁርጥ ያለ። የእነሱን ኪውቢት ይሏታል። እስኪጠይቋት ድረስ ዜሮንም አንድንም አጣምራ ትይዛለች። ሲጠይቋት አንዱን ትመልስና ሌላው የያዘችው ሁሉ ይጠፋል። ሙቀት ሲነካትም ይጠፋባታል፤ ስለዚህ አንዳንዶቹን የሚያኖሯቸው ብርድ ውስጥ ነው። ከጉና ጫፍ ይብሳል ወይ ብላት፣ ጉናማ ከዚያ ጋር ሲተያይ ምድጃ ነው አለችኝ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ኮፒ አትደረግም። ሰው ሰንፎ እንዳይመስልህ፣ የተፈጥሮ ሕጓ ነው። ይኼን ጊዜ አንተ ትዝ አልከኝ።

ታዲያ ኮፒ ካልተደረገች፣ ሲያዩዋትም ከጠፋች፣ በምን ትጠበቃለች ብዬ ያዝኳት። ጥያቄ ከያዝኩ እንደማልለቅ ታውቃለህ። ለድግሱ ድንች እየላጥን ነበርና ድንቾቹን ኪውቢት ናቸው ብላ በረድፍ ደረደረቻቸው። አንዱን ነገር ለአንዷ ብቻ አይሰጧትም፣ ለብዙዎቹ አንድ ላይ ያሸክሟቸዋል አለች፤ ማንኛዋም ለብቻዋ አትይዘውም። ከዚያ በየመሐላቸው ነጭ ሽንኩርት አስቀመጠች። እነዚህ ጠባቂዎች ናቸው። ምን ይዛችኋል ብለው አይጠይቁም፤ ተስማምታችኋል ወይስ ተለያይታችኋል፣ ይኼን ብቻ ነው የሚጠይቁት። የተለያዩበት ሲታወቅ ስሕተቱ ይታረማል፣ የተሸከሙት ነገር ግን ሳይነካ ይኖራል። ድሮ ተሸካሚዎቹን ሲጨምሩ ስሕተቱም አብሮ ይበዛባቸው ነበር አሉ። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ነው ተመራማሪዎቹ እየጨመሩ ሲሄዱ ስሕተቱ እየቀነሰ መምጣቱን በሙከራ ያዩት። ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል፣ ደስታቸው ግን ትልቅ ነው።

አንዱን ነጭ ሽንኩርት አነሣሁና፣ «ይኼማ የአባትሽ መቋሚያ ነው» አልኳት።

ተማሪዎችህን ከወይራው ስር ሁለት ሁለት አድርገህ ታስቀምጥና፣ ዓይንህን ጨፍነህ በመሐላቸው ትሄድ ነበር። ምን እያልክ ነው ብለህ አንዱንም አታስቆምም። ሁለቱ ጎረቤታሞች የተለያዩበት ላይ ብቻ መቋሚያህን መሬት ታስነካለህ፣ እነሱ ተፈላልገው ይገናኛሉ። ትርንጎ በዚያ መሐል እየተሯሯጠች አድጋ አንድም ቀን አስባው አታውቅም። ልክ አንድ እንኳ አይደለም ብላ ልታርመኝ ጀመረችና፣ ተወችው፣ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርቱ እንዳልል ገና አልላጥነውም።

በማግስቱ ሙት ዓመትህ ላይ ያረጋል፣ ከሁሉ ረጅም ዘመን አንተ ዘንድ የቆየው ተማሪህ፣ ዜማውን አነሣ። መሐል ላይ ሲደርስ ጠፋበት። በግራና በቀኙ ያሉት አላቆሙም፤ ወደ እሱ ጠጋ አሉ፣ እሱም ተመለሰ። ያኔ ሰማሁህ። አነሣስህ ያረጋል ላይ ነው። ያቺ ትንፋሽህ በግራው ካለው ላይ ናት። መጨረሻ ላይ ድምፅህን የምታለዝብባት ደግሞ ከቀኙ ላይ። አንዳቸውም ለብቻቸው አንተን አይሆኑም። ሦስቱ አንድ ላይ ግን አንተ ነበርክ።

ለካ የራቅከኝ ብቻዬን ልይዝህ ስታገል ኖሯል። አሁን እሑድ እሑድ ትርንጎ ትደውልና፣ አባባ ይችን እንዲህ ነበር የሚላት ትለኛለች። የለም፣ እንዲህ ነው እላታለሁ። ስንለያይ ያረጋልን እንጠራለን። ቃል የምገባልህ ይኼንኑ ነው፤ እንዳልረሳህ ስል ብቻዬን አላስታውስህም።

ያን የሰረቅኩትንም አላጠፋሁትም። ትርንጎ ከመሄዷ በፊት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየችና፣ «አለ፣ ከእልልታሽ ስር አለ» አለችኝ። እኔ እስካሁን አልሰማሁትም። እሷ ከሰማችህ ግን አለህ።