ስለተነቃነቀው ጉልበትዎና ስለተሰረዘው ምሽታችን

ለከተማችን የባህል አዳራሽ የሙዚቃ ምርጫ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ጆሮዎም እንደ ወትሮው ከማንኛውም ደስ ከሚል ድምፅ የተጠበቀ ይሆን ዘንድ ልባዊ ምኞቴን በአክብሮት አቀርባለሁ።

እኔ ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር ላይ ፈጽሜ በጡረታ የተሰናበትኩ፣ ዛሬ ደግሞ በአንድ አነስተኛ የሮክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር የምጫወት ሰው ነኝ። ሁለተኛውን ሥራዬን ከመጀመሪያው ባላነሰ ኩራት እንደምጠቅሰው ይታወቅልኝ። በባንዱ ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ወዳጃችን ጊታር ይጫወታል፤ ርዕሰ መምህርት የሆኑት ጎረቤቴ ይዘፍናሉ፤ የከተማውን ሕዝብ ግማሽ ያዋለደችው ታናሽ እህቴ ደግሞ ድራም ትመታለች። በአዳራሽዎ እንድናቀርበው ቀን ተቆርጦለት የነበረው የሙዚቃ ምሽት በኮሚቴው ውሳኔ መሰረዙን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ወረቀቱ ጥራት አመሰግናለሁ።

ምሽቱ ለምን እንዳስፈለገን ለኮሚቴው በቃል አስረድቼ ነበር፤ ሰሚ ያገኘሁ ስላልመሰለኝ አሁን በጽሑፍ እደግመዋለሁ። የእህቴ እጆች መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። ሐኪሟ በመጪው ዓመት በዚህ ወቅት የድራም ዱላ መጨበጥ ትችል እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ቃል ሊገባላት አልደፈረም። ከልጅነቷ ጀምሮ በድስት ክዳን፣ በትራስ፣ በመኪና ወንበር ላይ ስትመታ የኖረች ሴት፣ በደንበኛ መድረክ ላይ፣ መብራት በርቶላት፣ ሰው ፊት ለመጫወት የፈለገችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሰረዙት ያንን አንድ ጊዜ ነው።

ቅሬታዎቼን እንደ ልማዴ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የላክነውን የዘፈን ቅጂ ለመገምገም ኮሚቴው በተሰበሰበ ዕለት በእንግድነት ስለጋበዙኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው፤ ባይጋብዙኝ ኖሮ አሠራራችሁን ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር። የተከበሩት አባላት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ መዳፋቸውን ከፊታቸው ዘርግተው፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ሙዚቃው እየተሰማ ከአባላቱ የአንዱ ሰውነት ከተነቃነቀ ዘፈኑ «ሰውነት ነክ» ተብሎ ይመዘገብና ከመድረክ ይታገዳል፤ ማንም ካልተነቃነቀ «ጥልቅ» ይባላል። ሁሉም ከጨፈነ መነቃነቁን ማን ያያል ብዬ ብጠይቅ፣ እያንዳንዱ አባል በራሱ ላይ እንደሚመሰክር ተነገረኝ። በዚህ መመዘኛ የአዳራሽዎ የአየር ማቀዝቀዣ ከከተማችን እጅግ ጥልቅ ሙዚቀኞች አንዱ መሆኑን ሳልጠቁም አላልፍም።

ሁለተኛ፤ በክፍሉ ውስጥ ዐይኑን ያልጨፈነው ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ያየሁትን የመናገር ግዴታ አለብኝ። የመጀመሪያው ዘፈናችን አዝማች ላይ ሲደርስ የእርስዎ ቀኝ ጉልበት ከጠረጴዛው ሥር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ተረከዝዎ ገባ። አዝማቹ ሲደገም ጠረጴዛው ራሱ ስለተንቀጠቀጠ በግራዎ የተቀመጡት አባል ውሃቸው ፈሰሰ፤ እሳቸውም በሥርዓቱ መሠረት ጨፍነው ስለነበር ሱሪያቸው እስኪርስ አላወቁም። ዘፈኑ ሲያበቃ እርስዎ ጉሮሮዎን ጠርገው «አንድ አባል ተነቃንቋል» ብለው አስመዘገቡ፤ የአባሉን ማንነት ግን ትሕትናዎ እንዲናገሩ አልፈቀደልዎትም። ክቡር ሆይ፣ ሰው በገዛ ቃሉ ሲፈረድበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ የዳኛው ጉልበት ደስ ስላለው ሌላ ሰው ሲቀጣ ሳይ ግን ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስንወጣ በኮሪደሩ ላይ ክንዴን ይዘው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «እዚሁ ይቅርና ጌታዬ፣ እኔም እኮ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን እንዲህ ዓይነቱን እሰማለሁ፤ መስኮቱን ዘግቼ ነው ታዲያ» ብለውኛል። ምስጢርዎን ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ፤ እዚያው እንዲቀር ቃል እንዳልገባሁልዎት ግን ያስታውሱ። እኔ መስኮት ዘግቼ የምወደው ነገር የለኝም። ሦስት ኮርድ ብቻ ያለው ዘፈን እወዳለሁ። አንድ ጊዜ የሰማው ሁሉ ሁለተኛውን አብሮ የሚጮኸው አዝማች እወዳለሁ። የሚያብለጨልጭ ጃኬት የለበሰ ዘፋኝ፣ «ትታኝ ሄደች» ከማለት ሌላ ምንም ሳይነግረኝ፣ እሱኑ ደጋግሞ ሲነግረኝ እወዳለሁ፤ የተተወ ሰው ሌላ የሚናገረው ነገር እንደሌለው ከችሎት ላይ ስለማውቅ ነው። ሰውን ዕድሜ ልክ አስሬ በወጣሁባቸው ቀናት ቤቴ ድረስ መሪ አስይዞ ያደረሰኝ ሙዚቃ ይኸው እርስዎ የሚያፍሩበት ሙዚቃ ነበር። ጥልቅ የሚሉት በእነዚያ ቀናት ስልክ እንኳን አልደወለልኝም።

አራተኛ፤ ደብዳቤዎ ሥራችንን «ማንም ሊጫወተው የሚችል» ይለዋል። የጥርስ ሐኪሙ በአንዲት አጭር የጊታር ሽግግር ላይ ክረምቱን ሙሉ ሲሰቃይ ስላየሁት፣ ማንም የተባለውን ሰው ቢያስተዋውቁን ደስ ይለን ነበር። ሐኪሙ በበኩሉ ባለፈው ወር በአዳራሽዎ የቀረበውን ጥልቅ ዝግጅት ተመልክቶ፣ የተሰብሳቢውን አኳኋን በሙያ ዐይኑ ካጤነ በኋላ፣ ማደንዘዣውን ከየት እንደምታስመጡ እንድጠይቅለት አደራ ብሎኛል።

አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ። ረቂቁን ያነበበችው እህቴ «ወንድም ጋሼ፣ ይቺስ ስድብ ናት» ብላ ሰርዛዋለች። ሌሎቹን እንዳልነካቻቸው ልብ ይሏል።

ውሳኔያችሁ በደረሰኝ ዕለት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይግባኝ ለመጻፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር። የምጽፈውን አውቅ ነበር፤ ለማን እንደምጽፈውም አውቅ ነበር። እህቴ በጀርባዬ ቆማ ጥቂት ካነበበች በኋላ፣ «አንተ ይግባኙን ረትተህ ስትመጣ እኔ ዱላውን በየትኛው እጄ ልይዘው ነው?» አለችኝ። በዚህ ጥያቄ ላይ የምጠቅሰው ሕግ አላገኘሁም። ስለዚህ ይህ በጋዜጣ የማወጣው ደብዳቤ አቤቱታ አይደለም፤ ቀኑንም እንዲመልሱልን አልጠይቅዎትም።

የከተማ አውቶቡሶች የሚያድሩበት ጋራዥ ኃላፊ፣ እህቴ ያዋለደችው ሰው፣ የምንፈልገው ምን እንደሆነ ሰምቶ ሳይጨርስ በሩን ከፍቶልናል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሰረዛችሁት ምሽታችን ሊውል በነበረበት ቀን፣ አውቶቡሶቹ ሥራ ላይ ሲሆኑ እኛ እዚያ እንጫወታለን። ቦታው የናፍጣ ሽታ አለው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ወንበርም የለውም። መካኒኮቹ የምርመራ መብራቶቻቸውን አንድ ላይ አስረው በድራሙ አናት ላይ ሰቅለውላታል።

ትናንት እዚያ ተለማመድን። የእህቴ እጆች ዱላውን ሲያነሱ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ መጫወት ስትጀምርም መንቀጥቀጡ አልተዋትም። ሲምባሉ ላይ እያረፈ፣ እንደ ቀጭን ዝናብ እየነዘረ፣ ዘፈኑ ውስጥ ገብቶ አብሮን ሄደ። ርዕሰ መምህርቷ አንድ ስንኝ አመለጣቸው፤ የጥርስ ሐኪሙም ገመድ የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ። እሷ ግን ቀና ብላ፣ «ምን ሆናችኋል? ቀጥሉ እንጂ» ብላ ተቆጣችን። ጥልቀት ይጎድለዋል ተብሎ በማኅተምዎ የተረጋገጠው ድምፅ ይህ ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ የሚጠልቅበት ቦታ አላውቅም፤ እርስዎም እንዳያውቁ ከልቤ እመኛለሁ፤ የሚታወቀው በሚወዱት ሰው እጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ነውና።

አዳራሽዎ ሁልጊዜ ጸጥ ያለ፣ ወንበሮችዎ ሁልጊዜ ንጹሕና ያልተነኩ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ ለኮሚቴዎ አባላት በሙሉ የማያልቅ አክብሮቴን ከጋራዡ በር ላይ እልካለሁ።

የቀድሞው የከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣
የአሁኑ ቤዝ ጊታር ተጫዋች

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተከበሩት ባለቤትዎ ስልክ ደውለው ከስፒከሩ አጠገብ ለሁለት ሰው ቦታ እንድይዝላቸው ጠይቀውኛል። ሁለተኛው ለእርስዎ መስሎኝ ስምዎን ልጽፍ ስል፣ ለወላጅ እናትዎ መሆኑን በትሕትና አርመውኛል። በዚህ ደብዳቤ ላይ እንድጠቅሰው የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው፤ ቤት ውስጥ ሲነገርዎት ስለማይሰሙ በጋዜጣ ቢያነቡት ይሻላል ብለዋል።