በሩ አይቆለፍም

ይድረስ ለወንድሜ፣ አዲስ አበባ።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ነህ? የአዲስ አበባ ብርድ ለመደህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ባሕር ዳርም ሙቀቷ እንዳለ ነው። እናታችን ትበላለች፣ ትሰግዳለች። ዳቦ የሚያመጣልንን ልጅ ግን በአንተ ስም መጥራት ጀምራለች። እሱም አቤት ይላታል፤ እኛም አናርማትም።

በወረቀት የምጽፍልህ በስልክ የጻፍሁት ስላጣላን ነው።

ያን የዘንዶዎቹን ተከታታይ ፊልም በአማርኛ እየተረጎምሁ ቴሌግራም ላይ እንደምለቅ ታውቃለህ፤ ያስጀመርኸኝም አንተው ነህ። ንግሥቲቱ ወታደሮቿን ስትሸኝ የምትለው ቃል በቀጥታ ሲመለስ «ምሽጉ ይጠብቃችኋል» ነው። ደረቀብኝ። ስለዚህ የእናታችንን ቃል ሰጠኋት። አባታችን ለቡና ዘጌ ተሻግሮ ነፋስ ሲያዘገየው «በሩ አይቆለፍም» ትል አልነበር? ያንኑ ነው።

ቴሌግራም ላይ የሚከታተሉኝ ልጆች ወደዱት፤ መጀመሪያ መንገደኛ መሸኛ አደረጉት። ቆይቶ ንግሥቲቱ የከዳትን ወንድሟን በዚሁ ቃል አባረረችው። እኔም ቃሉ ያው ነውና ያንኑ ጻፍሁ። ያቺን ቁራጭ ቆርጠው ተቀባበሏት። ከዚያ ወዲህ ከግሩፕ ለሚወጣ፣ ክለብ ለሚቀይር ተጫዋች፣ ኩርፊያ ለሚያበዛ ፍቅረኛ ሁሉ «በሩ አይቆለፍም» ይባላል፤ ሂድ፣ የያዘህ የለም ለማለት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔ ተርጓሚዋ ግን አልሰማሁም። አስተያየት አላነብም፤ ስድብ ይበዛበታል።

ሱቁ ይሸጥ አይሸጥ ተባብለን፣ ተኳርፈን ነበር የሄድኸው። ለዐረፋ «ልምጣ ወይ?» ብለህ ስትጽፍልኝ ደስ አለኝና «በሩ አይቆለፍም» ብዬ መለስሁልህ። አንተም የሚስቅ ፊት ላክህና ቀረህ። እናታችን የሥጋ ድርሻህን አስቀምጣ ጠበቀችህ። እኔም ንቆን ነው ብዬ ተቀየምሁህ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሪሃብ ከጓደኛዋ ተጣልታ፣ ልጅቱ ስትወጣ ይህንኑ ቃል ወረወረችባት። ጎሽ፣ የአያትሽን ደግ ቃል ያዝሽ ብላት እስኪያማት ሳቀችብኝ። ትርጉሙን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ለካ ና ስልህ ሂድ ብዬህ ኖሯል።

ቃሉን ከልጆቹ አልቀማቸውም፤ የነሱ ሆኗል። ስለዚህ በያጅ ጠርቼ የግቢውን በር ቁልፍ አስነቀልሁ። ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈነዋል። ሪሃብ «እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?» አለችኝ። ያለው ይበል።

እናታችን ጨርቁን አይታ ማን ሊመጣ ነው አለችኝ። ስምህን ነገርኋት። ዳቦውን ዛሬ አምጥቶ የለም ወይ አለች።

ቶሎ ና። ስምህን ገና አልረሳችውም።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ። ስትደርስ አታንኳኳ፤ ገፋ አድርገው።

እህትህ