የጨው መጋዘኑ ሦስት ቀዳዳዎች

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ድሬ ዳዋ

ዛሬ አፍሬም፣ ደስ ብሎኝም ቤቴ ገባሁ።

የመጋላ ሰፈር ሰዎች ያን የግመል ነጋዴዎች ዘመን የጨው መጋዘን ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሊያደርጉት ሲነሱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ «እርዳቸው» ብሎ የላከው እኔን ነው። ከኋላው ግድግዳ ሥር ሦስት ቀዳዳ አየሁና በሲሚንቶ ይደፈኑ ብዬ አዘዝኩ። ግንበኛው ዩሱፍ «እሺ» አለ። በሳምንቱ ስመለስ ተደፍነው፣ በኖራ ተለስነው አገኘኋቸው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ መንገዱን ይዞ ወረደ። በበሩ ገብቶ አዲሶቹን አግዳሚ ወንበሮች አንሳፈፋቸው። እኔ በሩን ልዘጋ ስታገል፣ ጎረቤቲቱ አሮጊት አዴ ፋጡማ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡና የኋላውን ግድግዳ ሥር፣ ቀዳዳዎቹ የነበሩበትን፣ በብረት ዘነዘና መቱት። ኖራው ረገፈ። ከሥሩ ያለው እንዲያው የተደረደረ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩን ሲስቡት ውሃው እየተንዶለዶለ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ወንዝ ወጣ።

«ሲሚንቶውስ?» አልኩ።

«ጓዳዬ ነው፤ ከረጢቱም አልተፈታም» አሉ። «አቦ፣ አንተ ከደጋ መጥተህ ለኛ ትለፋለህ። እምቢ ብንልህ ታዝን ነበር። ይሄ ቤት ጎርፉን አስገብቶ ይሸኘዋል እንጂ አይጣላውም።»

ተከትሏቸው የመጣው ዩሱፍ አጎንብሶ ድንጋዮቹን ይለቅማል፤ ቀና ብሎም አላየኝም። መልሶ ሊደረድራቸው ነው።

ለአለቃዬ ግን «ቀዳዳዎቹ በሲሚንቶ ተደፍነዋል» ብዬ ባለፈው ሪፖርት ፈርሜ ሰጥቻለሁ። ነገ ምን ብዬ ላርመው? ቤቱ የዳነው ስላልታዘዙኝ ነው ብዬ?...