የኦሶሮ ቁጥር

ዲሴምበር 19
መንጃ ፈቃዴ በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

ትምህርት ቤቱ ትናንት ተዘጋ። ዛሬ አውቶቡሱን አጠብኩ። ከወንበሮቹ ሥር የሙዝ ልጣጭ፣ አንድ እግር ካልሲ፣ ድንጋይ የሆነ ግማሽ ማንዳዚ ዳቦ። አንዱ ደግሞ የፊት ጥርሱን በወረቀት ጠቅልሎ ትቶታል። የማን ይሆን?

ቁልፉን እንደ ልማዴ ይዤ ልወጣ ስል ዳይሬክተር ኦምዌንጋ በመስኮት ጠሩኝ።

«የኬሩቦ እናት፣ መንጃ ፈቃድሽ እንዴት ነው?»

«ይታደሳል፣ ዳይሬክተር።»

«ኢንሹራንሶቹ ዘንድሮ ጠንክረውብናል። በመክፈቻው ቀን ጠዋት የታደሰውን ካላየሁ አውቶቡሱን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው። እንዳትቀየሚኝ።»

ሌላ ሰው... ማኮሪ ነዋ። የሚስታቸው ወንድም። ስሙን መጥራት ምን ያስፈራል?

አሥራ አንድ ዓመት ነድቻታለሁ። ከዚያች ወንበር ከወረድኩ የሚጠብቀኝ የሰው ሻይ ቅጠል መልቀም ነው። ወገቤ ያውቀዋል፤ ሁለተኛ አይመለስበትም።

ማደሱ ደግሞ አሁን በኢንተርኔት ነው። ነገ እጨርሰዋለሁ።

ዲሴምበር 20
አልጨረስኩም።

ኳምቦካ ጋ ሄድኩ። ገበያው ዳር ያለውን ኢንተርኔት ቤት ከኦሶሮ ገዝታ የምትሠራው እሷ ናት። የመታወቂያ ቁጥሬን አስገባች።

«አካውንት አለሽ። የይለፍ ቃልሽ?»

«ምን አውቄ።»

«እሺ፣ አዲስ እንጠይቅ። ኮድ ወደ ስልክሽ ይልካል። አምስት ደቂቃ ነው የሚቆየው፣ ተዘጋጂ።»

ስልኬን በእጄ ይዤ ጠበቅኩ። ምንም። ኳምቦካ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«መጨረሻው ዘጠና አራት የሆነ ቁጥር ያንቺ ነው?»

«አይደለም።»

ሳቋን ለቀቀችው። «ጉድ ፈላ! አንቺም የኦሶሮ ልጅ ነሻ!»

ገባኝ። ነገሩ ሁሉ ወደ ኢንተርኔት የዞረ ጊዜ ኦሶሮ ቤት ተሰልፈን አልነበር? መታወቂያ ሰጠነው፣ ፎቶ አነሳን። ስልክ ቁጥር በሚለው ቦታ የራሱን ጻፈ። ኮዱ ለሱ ይመጣል፣ እሱው ያስገባል፣ እኛ ሻያችንን እንጠጣለን። ባለፈው ሳድስም እንዲሁ። ማንም ቁጥሩ የማን ነው አላለም። ተመችቶን። ከኪሲ ከተማ ግማሹ ሰው ኦሶሮ ስልክ ውስጥ ነው ያለው።

«ደውይለታ!»

«ዝግ ነው። ሱቁን ሸጦ ፓስተር ሆነ እኮ፣ አልሰማሽም?»

«አዲስ አካውንት ክፈቺልኝ።»

«በአንድ መታወቂያ ሁለት አይከፍትም፣ እናቴ።»

ዲሴምበር 22
ወደ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ። ግማሽ ቀን ቆሜ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ቁጥር ለማስቀየር ማመልከቻ፣ የመሐላ ቃል... ከዚያ ከበዓል በኋላ ይታያል። ጃንዋሪ አጋማሽ።

«ትምህርት ቤት ጃንዋሪ አምስት ይከፈታል» አልኩት ጸሐፊውን።

«እኔ አይደለሁም የምከፍተው» አለኝ።

ተሳደበ አልልም። ደክሞታል። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ በሩን አልፎ ነበር።

ዲሴምበር 23
ማኮሪን ታክሲ ተራው ጋ አገኘሁት። በቆሎ ይበላል።

«እማማ፣ አሁንስ አርፈሽ ሙዝሽን ብትሸጪ? ያ መሪ እኮ ከብዶሻል።»

«መሪው አልከበደኝም። አንተ ነህ የከበድከኝ።»

ታክሲ ተራው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም... አርባ ዓመት የሞላውን ልጅ ካሉት። መንዳትም ያውቃል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ዲሴምበር 25
የገና ፍየል በላን። ልጄ ኬሩቦ ከናኩሩ ደወለች። ስለ ፈቃዱ አልነገርኳትም። ምን ልታደርግልኝ?

ዲሴምበር 27
ኦሶሮ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ሙዝ ትልጣለች።

«ማንጋ ኮረብታ ላይ ነው» አለች። «አዲስ ዓመት እስኪገባ ይጾማል። ስልክ አይነካም።»

«ሰው ላለማናገር ነው የሚጾመው?»

«እኔን ላለማናገርም ነው» አለች። ሳትስቅ።

ዲሴምበር 29
ወጣሁ። ሞተረኛው የኮረብታውን ግማሽ መንገድ አድርሶኝ «ከዚህ በላይ ጭቃ ነው፣ እግርሽን ያበርታው» ብሎ ዞረ። የቀረውን በእግሬ። ሁለቴ ወደቅሁ። ልመለስ? ወደ የት?

ላይ ላስቲክ ተወጥሯል። ሰው ተንበርክኳል። ነጭ ሻርፕ ያሰረች ሴት አስቆመችኝ።

«ፓስተር ጸሎት ላይ ናቸው።»

«ጸሎታቸውን አይደለም የፈለግሁት። ስልካቸውን ነው።»

«እዚህ ስልክ አይበራም፣ እናቴ። ጾም ላይ ነን።»

«እኔም ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ጾሜን ላድር ነው። አሳልፊኝ።»

ድምፄን ሰምቶ እሱው መጣ። ከስቷል። ከላይ ኮት፣ ከታች ቦቲ ጫማ።

«አንተ ኦሶሮ» አልኩት። ሴትዮዋ ደነገጠች።

«የኬሩቦ እናት... ለጸሎት መጣሽ?»

«ለአካውንቴ መጣሁ። የራስህን ቁጥር ነው የጻፍክብኝ።»

መሬት መሬት አየ። «ያኔ ማን ስልክ ነበረው?»

«እኔ ነበረኝ። አልጠየቅከኝም።»

«አንቺስ መች ጠየቅሽኝ?»

እውነቱን ነው።

ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ትንሽ የቁልፍ ስልክ አወጣ። «ሥራዬን ብተውም እሱ አልተወኝም። ሲጮህ አላስጸልይ ቢለኝ ነው የዘጋሁት» አለና አበራው። መጮህ ጀመረ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው፣ ሌላው ሳያልቅ ሌላው... አላቆም አለ። ላስቲኩ ሥር አንዲት ሴት «ሃሌሉያ!» አለች።

ሁሉም ኮድ ነው። የማን እንደሆነ አይልም፣ ቁጥር ብቻ። የነርስ ይሁን የባለ ሱቅ፣ ለፓስፖርት ይሁን ለንግድ ፈቃድ... ሁሉም ጊዜው ያለፈበት። ያን ሁሉ ሰው እያሰብኩ ቆምኩ። አንዳንዱ እንደኔ ስልኩን በእጁ ይዞ ጠብቋል።

ኮረብታው ላይ ኔትወርኩ ጥሩ ነው። በራሴ ስልክ አዲስ ኮድ ጠየቅሁ። በሱ ስልክ መጣ። አነበበልኝ፣ ጻፍኩ። ገባ! እዚያው ቆሜ ቁጥሩን ወደ ራሴ ቀየርኩ። ጣቴ ጭቃ ስለነበር ስክሪኑን በቀሚሴ ጠረግሁት።

ልሄድ ስል ትንሹን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ውሰጂው። ለሚደውልልሽ አንብቢለት።»

«አንተስ?»

«እኔ እግዚአብሔርን በጠራሁ ቁጥር ሰው ነው አቤት የሚለኝ።»

ታዲያ ፓስተርነት ሌላ ምንድን ነው? አላልኩትም። ወሰድኩት።

ዲሴምበር 31
የማደሻ ቅጹን ራሴ ሞላሁት። ኳምቦካ አማቶቿ ዘንድ ለበዓል ሄዳለች፤ ብትኖርም አልሰጣትም። ከእንግዲህ ለማንም አልሰጥም።

ፎቶው አስቸገረ። ጀርባው ነጭ ይሁን ይላል። ግድግዳዬ አረንጓዴ ነው። አንሶላ ሰቀልኩ። መጀመሪያ የታሰርኩ መሰልኩ፣ ቀጥሎ ያለቀስኩ። ደጋግሜ ተነሳሁና አንዱ ላይ ሰው መሰልኩ። ክፍያውንም ከስልኬ ከፈልኩ። «በሂደት ላይ» አለ።

ይሁን። ይሂድ።

ጃንዋሪ 1
በሂደት ላይ።

የኦሶሮን ስልክ አብርቼ ነው የምውለው። ጠዋት አንዲት አስተማሪ ደወለች። አነበብኩላት። «ፓስተር ድምፅዎ ቀጠነ» አለችኝ። ቁጥሩን ወደ ራሷ እንድትቀይር ነግሬ ዘጋሁ።

ጃንዋሪ 3
በሂደት ላይ።

ምሳ እየሠራሁ ስልኩ ጮኸ። ኮድ። ወዲያው ተደወለ።

«ፓስተር፣ ይቅርታ፣ ከጸሎት አቋረጥኩዎት። አሁን የገባልዎትን ኮድ ቢያነቡልኝ? ማኮሪ ነኝ። መንጃ ፈቃዴ አልፎበታል። ሰኞ ሥራ ልጀምር ነው፣ ያለ እሱ ደግሞ የእህቴ ባል ቁልፉን አይሰጠኝም።»

ማማሰያውን አስቀመጥኩ።

«ፓስተር? ይሰማል?»

ዘጋሁት።

ኮዱ ስክሪኑ ላይ ነው። ስድስት አኃዝ። የኔ በሂደት ላይ፣ የሱ በእጄ ላይ። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም። ዝም ማለት ብቻ። ምድጃው ላይ የጣድኩት ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎዬ፣ ማረር ጀመረ፤ ሽታው መጣ፤ አልተነሳሁም። አምስቱ ደቂቃ አለፈ።

እንደገና ጮኸ። አዲስ ኮድ። እንደገና ደወለ።

«ፓስተር፣ በፈጠረዎት...»

«ጻፍ አንተ» አልኩት። አነበብኩለት። «ስትገባ መጀመሪያ ቁጥሩን ወደ ራስህ ቀይር። ሰው ደጅ አትጥና።»

«...ማነው?»

ዘጋሁት።

ለምን አነበብኩ? ደግነት አይደለም። ያን ሁሉ ጭቃ ወጥቼ ሌላ ኦሶሮ ልሆን? በመሪ ካላሸነፍኩት በዝምታ አላሸንፈውም። ከሥር ያረረውን ፍቄ የቀረውን በላሁ። መረረኝ። ኡጋሊው ብቻ አይደለም... ሁሉም ነገር።

ጃንዋሪ 4
ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ማኮሪ ስልኩን እያሳየ ነበር። ታድሶለታል። ሰው እጁን ይጨብጣል። እኔን ሲያይ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው።

የኔ? በሂደት ላይ።

ቢሆንም ሸሚዜን ተኮስኩ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት እነሳለሁ። ቁልፉንም ከሰጠሁ በተተኮሰ ሸሚዝ ነው የምሰጠው።

ጃንዋሪ 5
ይህን የምጽፈው አውቶቡሱ ውስጥ ነው። ልጆቹ ክፍል ገብተዋል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዳይሬክተሩ ቢሮ ነበርኩ። ማኮሪ ቀድሞኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። አዲስ ሸሚዝ፤ መታጠፊያው እንኳ አልጠፋም።

«ፈቃዱስ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«በሂደት ላይ ነው።»

«ተናግሬያለሁ፣ የኬሩቦ እናት።» ፊቴን አላዩም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። የርክክብ ወረቀት አውጥተው መጻፍ ጀመሩ። እሳቸው ሲጽፉ ጊዜ ይወስዳሉ፤ እያንዳንዷን ፊደል ያሳምራሉ።

ከማኮሪ ጎን ተቀመጥኩ። ስልኬን አሁንም ከፍቼ አየሁ። ማን ያውቃል?

«እስቲ» አለኝ ማኮሪ ቀስ ብሎ። አንገቱን አሰገገ። «እማማ፣ አልላክሽውም እኮ።»

«ከፍያለሁ!»

«ከፍለሻል። አልላክሽውም። ቅዳሜ እኔንም እንዲህ አድርጎ ሲያሾፍብኝ ነበር። ስልኩን አጋድሚው።»

አጋደምኩት። ገጹ ሰፋ። ከታች በቀኝ ጥግ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። «አረጋግጥና ላክ»። ያን ሁሉ ቀን እዚያው ነበር። ስልኩን አቁሜ ስለያዝኩት ተሸሽጎብኝ።

«ለምን ነገርከኝ?» አልኩት።

«ፓስተር ኦሶሮ ‹ጻፍ አንተ› አይልም» አለ። ጣራውን እያየ። «እንደዚያ ብሎ የሚያዘኝ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ተጫንኩት። ክቧ መዞር ጀመረች።

«የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ስንት ላይ ነው?» አሉ ዳይሬክተሩ ቀና ሳይሉ።

ነገርኳቸው። በቃሌ ነው የማውቀው። ጻፉ። ክቧ ትዞራለች። «ጎማ መቀየሪያው አለ?» አሉ። «አለ» አልኩ። ጻፉ።

ስልኬ ጮኸ። የኔው ስልክ፣ የኔው ቁጥር። ታድሷል።

ተነስቼ ስልኩን የሚጽፉበት ወረቀት ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡ። መልሰው አደረጉና ደግመው አነበቡ። ማኮሪን አዩት። ማኮሪ የአዲሱን ሸሚዙን ቁልፍ ይቆጥራል።

«እንግዲህ...» አሉ። «መልካም። ግን ርክክቡን ጀምሬዋለሁ፣ እንዲህ መሃል ላይ አይተውም። አንቺ እዚህ ትፈርሚያለሽ፣ ማኮሪ እዚህ ይፈርማል። ከዚያ እሱ መልሶ ለአንቺ እንዲያስረክብ ሌላ ወረቀት...»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል ሊል ነው። ሱኔካ መገንጠያ ላይ ልጆቹ ቆመው ይሆናል። ትንንሾቹ እዚያ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ከዘገየሁ ቀሚሳቸው ይረጥባል።

ያን ጊዜ ሌላው ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። የኦሶሮ። አወጣሁትና ማኮሪ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምን ላድርገው?»

«ለሚደውል አንብብለት። ከዚያ ቁጥሩን ቀይር በለው።»

ስልኬንና ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። ዳይሬክተሩ ብዕሩን ወደ እኔ ዘርግተዋል፤ በሌላ እጃቸው የምፈርምበትን መስመር ይዘውልኛል።

«የኬሩቦ እናት! ወረቀቱ...»

ወጣሁ።